የሰነፍ መስመር

ማሽን ማንንም ሰነፍ ብሎ አያውቅም፤ ሰነፍ የሚለው ከማሽኑ ኋላ የተቀመጠው ሰው ነው። ያም ሆኖ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መኪና የሚያህለው ማግኔት ቀን ከሌት በሚያጓራበት ክፍል፣ «የሰነፍ መስመር» የሚባል ነገር ነበር። ስሙን ያወጣችው ፊዚክስ ተምራ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው፣ ሆስፒታሉ በሙሉ «ባለማግኔቷ» እያለ የሚጠራት ሴት ናት። ለቀልድ ብላ ነበር ያወጣችው። ቀልዱ እያደር ሥር ሰደደና የሥራ ቋንቋ ሆኖ አረፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ማግኔቱ ውስጥ ተኝቶ ክንዱን ይዘረጋና አንድ የጎማ ኳስ ይጨምቃል። ቆዳው ሳይበጣ፣ ደሙ ሳይቀዳ፣ ከክንዱ ሥር የተቀመጠች አንቴና በጡንቻው ሴሎች ውስጥ ካለው ፎስፈረስ የሚመጣውን ምልክት ታዳምጣለች። ከምልክቱ ሁለት ሹል ጫፎች ይወጣሉ። አንደኛው የጡንቻው ስንቅ ነው፤ ጡንቻ በችኮላ ሲሠራ መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው፣ ከቆመበት ቦታ ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው የዚያ ስንቅ ፍርፋሪ ነው። ፍርፋሪው ሴሉ ውስጥ አሲድ ሲበዛ ወደ ስንቁ ይጠጋል፣ አሲዱ ሲያንስ ይርቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የለካ ሰው፣ በሕይወት ያለ ሴል ሆዱ ምን ያህል እንደኮመጠጠ አወቀ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ያንን ርቀት ወደ አንድ መስመር ይለውጠዋል። ጤነኛ ሰው ኳሱን ሲጨምቅ ጡንቻው ይኮመጥጣል፣ መስመሩም ቁልቁል ይወርዳል። ኳሱን ታቅፎ የሚያንቀላፋ ሰው ደግሞ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይቀራል። የሰነፍ መስመር የሚባለው ይኸው ነው። ለጥናት ፈቃደኞች ነን ብለው መጥተው ማግኔቱ ውስጥ የሚያንኮራፉ ተማሪዎች ስለማይጠፉ፣ ስሙ ያስቅ ነበር።

ክፍሉን የሚመሩት ፕሮፌሰር ዕድሜያቸውን የፈጁት በጡንቻ አሲድ ላይ ነው። ጠባያቸውም ከሥራቸው ስለተስማማ፣ ከጀርባቸው «ኮምጣጤ» ይሏቸዋል። ለኮምጣጤ የሰነፍ መስመር ከቆሻሻ ቅርጫት አያልፍም። «መስመሩ ካልወረደ ጥሬውን ምልክት አትክፈቺ፤ ጊዜሽን ነው የምታባክኚው» ብለው አዝዘዋል። ባለማግኔቷም ፕሮግራሙን በገዛ እጇ እንደዚያው አስተካክላዋለች። በምርመራ ሰዓት እስክሪኑ ላይ የሚታየው የአሲዱ መስመር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ከበስተኋላ ተደብቀው ይቀራሉ።

አንድ ቀን ጠዋት የነርሶች ኃላፊ፣ ሜትሮኗ፣ አንዲት ረዳት ነርስ ይዘው መጡ። ይዘው መጡ ማለት ለአባባል ነው፤ እየነዷት ነው የመጡት። ልጅቷ ሰውነቷ የተገነባ፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ናት። ከኋላዋ እናቷ ቦርሳዋን ይዘው ይከተላሉ።

«ፕሮፌሰር፣ ይቺን ልጅ ይመርምሩልኝ» አሉ ሜትሮኗ፣ ልጅቷ እዚያው ቆማ እየሰማች። «በሽተኛ ከአልጋ አንሺ ስትባል እጄን ቆረጠመኝ ትላለች። ደረጃ ውጪ ስትባል ግማሹ ላይ ቁጭ ትላለች። ትንሽ ቆይታ ትነሳና ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትሯሯጥ ትውላለች። ሐኪም አይቷታል፣ ምንም የለባትም።»

ሐኪም አይቷታል ማለት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ደሟን አስመርምሮ፣ ጡንቻ ሲጎዳ የሚያሻቅብ አንድ ቁጥር ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ አግኝቶት ነበር። «ዕቃ ስታነሺ ውለሽ ነው» ብሎ አለፈው። አንዷ ዕቃ አታነሳም ብላ ትከሳታለች፣ አንዱ ዕቃ አንስታ ነው ብሎ ያሰናብታታል፤ ሁለቱ አንድ ጊዜ ተገናኝተው ቢነጋገሩ ምን ነበረበት።

የሥራ ባልደረቦቿ «ቆይ ትንሽ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል። ቃሬዛ ያዢ ስትባል «ቆይ ትንሽ» ትላለቻ። ከዚያ በኋላ ግን እንደማንም፣ አንዳንዴም ከማንም በላይ መሥራቷ ነው ያጠፋት። ጭራሽ ባትችል ኖሮ ያዝኑላት ነበር። ሜትሮኗ ይህንን በአንድ ቃል አሰሩት፦ «ሰነፍ ብትሆን እኮ እመክራት ነበር። ይቺ ልግመኛ ናት።»

ልግም ከስንፍና ይከፋል። ሰነፍ አቅም አነሰው፣ ወኔ ከዳው ይባልለታል። ልግመኛ ግን እየቻለ አቅሙን የሚደብቅ፣ የሰው ትከሻ ላይ ሸክሙን የሚጥል ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት ይሰበሰባል። ከፕሮፌሰሩ ብዕር «ልግም» የሚል ቃል ከወጣ ልጅቷ ከሥራዋ ትሰናበታለች፤ ያንን ቃል የተሸከመችን ረዳት ነርስ ደግሞ የትኛውም ሆስፒታል አይቀጥራትም። ልጅቷም ይህንን አሳምራ ታውቃለች።

ባለማግኔቷ አስተኛቻትና ክንዷን ከአንቴናው ጋር አሰረችው። «በይ የኔ እህት፣ ጭመቂ ስልሽ ትጨምቂያለሽ፣ ልቀቂ ስልሽ ትለቂያለሽ።»

«እሺ። መጀመሪያ ላይ ግን ያመኛል።»

«ሁሉንም ያመዋል፣ አይዞሽ» አለችና አልጋውን ወደ ውስጥ ገፋችው።

ምርመራው ተጀመረ። ኳሱ ምን ያህል እንደተጨመቀ የሚናገረው መለኪያ ከተሰበረ ከርሟል፤ ግዢ ክፍል ይጠየቅ ተብሎ እዚያው ተረስቷል። ስለዚህ ልጅቷ መጨመቅ አለመጨመቋን የሚመሰክርላት ከአሲዱ በቀር ማንም አልነበረም። አሲዱ ደግሞ አፉን ዘጋ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ።

«ጭመቂ እንጂ ልጄ» አሉ ፕሮፌሰሩ ከመስታወቱ ወዲህ በማይክራፎኑ።

«እየጨመቅሁ ነው።»

«አልጨመቅሽም።»

ትንሽ ቆይታ «በቃኝ፣ አልቻልኩም» አለች። አወጧት። ክንዷን በሌላ እጇ ደግፋ ተነሳች፤ ፊቷ በላብ ርሷል። ፕሮፌሰሩ ላቧን አላዩም፣ ያዩት መስመሩን ነው። ለሜትሮኗ «የሰነፍ መስመር ነው» አሏቸው። ሜትሮኗ ሰነፍ አይበቃኝም በሚል ዓይን ሲያዩዋቸው፣ ወረቀቱ ላይ «ጡንቻው አልሠራም፤ ልግም ነው» ብለው ጻፉላቸው። አንዲትን ሰው ከእንጀራዋ ለማፈናቀል ይህን ያህል ነው የፈጀባቸው። ብዕሩን እንኳ በደንብ አልጨበጡትም።

ባለማግኔቷ ቀጣዩን ሰው ልትጠራ ስትወጣ የልጅቷ እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው። ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ገብታለች።

«ምን ተባለ?» አሉ እናትየው።

ባለማግኔቷ «ጡንቻዋ አልሠራም ተባለ» አለቻቸው።

እናትየው አንገታቸውን ደፉ። «እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ ከሕፃንነቷ ጀምራ እንዲህ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳገቱ ጋ ስትደርስ ቁጭ ትላለች። ወንድሞቿ ጥለዋት ይመጣሉ። ኋላ ትነሳና ደርሳባቸው፣ አልፋቸው እቤት ትገባለች። ስንት ጊዜ ገርፌያታለሁ መሰለሽ። ብትችይ አይደል ወይ የቀደምሻቸው፣ እያልኩ።»

«ቁጭ የምትለው ምን ያህል ነው?»

«ብዙም አይደል። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ እንደ ሰው ትሄዳለች። ሰነፍ ብትሆንማ ከዚያ በኋላም...» ሴትዮዋ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አቋረጡት። የተናገሩትን ራሳቸው ሰምተውት ነበር። ቦርሳውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዘዋወሩ።

ባለማግኔቷ ቀጣዩን ሰው አልጠራችም። ተመልሳ ገባችና በሩን ዘጋች። ከዚያም ትእዛዝ ጥሳ ጥሬውን ምልክት ከፈተችው።

ሁለቱ ጫፎች ከተደበቁበት ወጡ። ልጅቷ ኳሱን መጨመቅ በጀመረች ቁጥር ስንቁ ያጥራል። እንደገና ያጥራል። መጨረሻ ላይ ከመሬት ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። ፍርፋሪው በአንጻሩ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ ይላል። ጡንቻው ያለ የሌለ ስንቁን አሟጦ በልቶ ነበር። ሠርቷል። ማግኔቱ ውስጥ ገብቶ ከሚያውቅ ከማንኛውም ተማሪ በላይ ሠርቷል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ግን አልጠበበም። አሲድ የለም።

እንዴት እንዲህ ይሆናል ብላ ብዙ አልተጨነቀችም፤ አንድ ጊዜ አንብባው የነበረ ነገር ትዝ አላት። ጡንቻ ያቺ የችኮላ ስንቅ ስታልቅበት ወደ ጎተራው ይሄዳል። ጎተራው ውስጥ ያለው ስኳር ነው፤ አሲዱም የሚመጣው ያ ስኳር ሲፈጭ ነው። አንዳንድ ሰው ግን ሲወለድ ጀምሮ የጎተራው ቁልፍ የለውም። ጎተራው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ባለቤቱ በራፉ ላይ በረሃብ ይወድቃል። ስኳሩ ስለማይፈጭ አሲድም አይኖርም። አሥር ደቂቃ ታግሦ ቀስ ካለ ግን ደሙ ከሌላ ቦታ ስንቅ ያመጣለታል፤ ያን ጊዜ ተነስቶ ይሮጣል። ልጅቷ ዳገቱ ሥር ቁጭ ስትል የነበረው እሱን ስትጠብቅ ነው። ለዚያ ነበር ስትገረፍ የኖረችው።

የባለማግኔቷ ደም ፈላ። አሲድ አለመኖሩን ያየ ሁሉ ሥራ የለም ብሎ ደምድሟል። ያሠቃያት በሽታ ራሱ፣ አልታመመችም ለማለት ማስረጃ ሆኖ ቀረበባት። እንዲህ ያለ ግፍ ከየት ይመጣል።

ማታ እራት ላይ ለታላቅ እህቷ ነገሩን ስታወራ ምግቡን ትታ እጇን ታወናጭፍ ነበር። አብረው ነው የሚኖሩት፤ እህትየው የልብስ ስፌት መምህርት ናት፣ ቁጡ ሰው አትወድም።

«ማንኪያውን አስቀምጪውና ተቆጪ፣ ጠረጴዛውን አበላሸሽው» አለቻት። «ለልጅቷ ነገርሻት?»

«መጀመሪያ ለፕሮፌሰሩ ነዋ የምነግረው።»

«ታዲያ የታመመው ፕሮፌሰሩ ነው እንዴ?»

ባለማግኔቷ «አንቺ አሠራሩን አታውቂውም» ብላ አለፈቻት።

በማግስቱ ኮምጣጤ ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ያዘቻቸው።

«ፕሮፌሰር፣ የትናንትናዋ ልጅ ሠርታለች።»

«የሠራ ጡንቻ ይኮመጥጣል» አሉ ካፖርታቸውን እየሰቀሉ።

«ስንቁን ይዩት። ተሟጥጦ አልቋል።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ክንዷን አንሸራታው ነው። ክንድ ከአንቴናው ሲሸሽ ምልክቱ ያጥራል። ይሄን ለተማሪዎች የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ክንዷ ቢሸሽ ሁለቱም ነበር የሚያጥሩት። ፍርፋሪው ለምን ረዘመ?»

ኮምጣጤ መልስ ሲያጡ መነጽራቸውን ማጽዳት ይወዳሉ። መነጽሩ ጥሩ አድርጎ ጸዳ። ሰውዬው ደደብ አይደሉም፤ ነገሩ የገባቸው ያኔውኑ ነው። ግን «ተሳስቻለሁ» የምትለው ቃል ከጉሮሯቸው ወጥታ አታውቅም፣ የምትወጣበትንም መንገድ አታውቀውም።

«እንግዲያው ይደገም» አሉ። «እኔ ባለሁበት። እስኪኮመጥጥ ድረስ ትጭመቅ።»

«በሽታው እኔ የማስበው ከሆነ አይኮመጥጥም። እስኪኮመጥጥ ማለት ጡንቻዋ እስኪበጣጠስ ማለት ነው።»

«ከሆነ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «እኔ የፈረምኩትን ወረቀት በአንቺ ከሆነ አልቀይርም።»

ልጅቷን አስጠሯት። ባለማግኔቷ አሁን ሁሉንም ነገረቻት፣ አደጋውንም ጭምር። ልጅቷ አዳምጣ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«አሁን ብጨምቅ ያቺ ቃል ትነሳልኛለች?»

«ትነሳለች።»

«ልግመኛ ከምባል እጄ ይሰበር። እኔ ሳልል እንዳያስቆሙት፣ አደራዎን።»

ሜትሮኗም መጡ፤ እንዲህ ያለ ትዕይንት አያመልጣቸውም። ባለማግኔቷ በዚህኛው ዙር የተደበቀውን ሁሉ እስክሪኑ ላይ አወጣችው፦ በአንድ በኩል የአሲዱን መስመር፣ በሌላ በኩል ሁለቱን ጫፎች። ከዚያ ልጅቷን አስገባቻት።

መጨመቅ ጀመረች። ስንቁ አንድ ደረጃ ወረደ፣ ፍርፋሪው አንድ ደረጃ ወጣ። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው።

«ጨምሪበት» አሉ ፕሮፌሰሩ ማይክራፎኑን ይዘው።

ጨመረችበት። ስንቁ ተጋደመ። ቁልቁል ይወርዳል ተብሎ የሚጠበቀው መስመር ጭራሽ ትንሽ ሽቅብ ተንጠራራ። ፕሮፌሰሩ እያዩ ነው። ያዩትን ግን ምላሳቸው አልሰማም መሰል፣ ከልማድ የመጣ ነገር ተናገሩ፦ «አልጨመቅሽም ልጄ። ልቀቂና እንደገና ጭመቂ።»

ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «መልቀቅ አልቻልኩም።»

ባለማግኔቷ አደራውን አልጠበቀችም። ማሽኑን አቁማ እየሮጠች ገባችና አልጋውን ሳበችው። የልጅቷ ክንድ እንደ እንጨት ደርቋል። ኳሱ መዳፏ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀብሯል፣ ጣቶቿ በላዩ ላይ ተቆልፈዋል፣ ጥፍሮቿ ሥር ደም የለም። ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች፤ እንባዋ በሁለቱም በኩል ወደ ጆሮዋ ይወርዳል።

«ይምጡ» አለች ባለማግኔቷ ወደ መስታወቱ ዞራ። ድምፅዋ ለአለቃ የሚወጣ ድምፅ አልነበረም። «ይምጡና ይፍቱት። አልጨመቀችም አይደል ያሉት? ይፍቱት።»

ፕሮፌሰሩ ገቡ። ትንሿን ጣት ይዘው ቀስ አድርገው ሳቧት። አልተፈታችም። ጠንከር አድርገው ሲስቡ ልጅቷ ከሆዷ አቃሰተች። እጃቸውን የተቃጠሉ ያህል መነጨቁት።

«ሆን ብላ ነው የያዘችው» አሉ ሜትሮኗ ከበሩ ላይ።

አንዳንድ ሰው እውነት ፊቱ ላይ ቆማ ብታለቅስም ማስረጃ አምጪ ነው የሚላት። ባለማግኔቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ኮምጣጤ ቀደሟት። «ሜትሮን፣ ይተዉ» አሉ። በሥራ ዘመናቸው ሰውን እንዲህ ዝግ ባለ ድምፅ ሲያናግሩ የሰማቸው የለም።

የዚያን ቀን ማታ የልጅቷ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ሆነ። የተበጣጠሰ ጡንቻ በደም አድርጎ ኩላሊት ላይ ሲወርድ እንዲህ ነው። በራሷ ዋርድ፣ ራሷ አንሶላ ስታነጥፍለት በኖረችው አልጋ ላይ አስተኝተው ፈሳሽ በደም ሥሯ ሰጧት። ጣቶቿ የተላቀቁት በማግስቱ ነው። እናትየው ጎኗ ተቀምጠው ያንን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ዋሉ። «ይቅር በይኝ» ሲሉ የሰሙ ነርሶች አሉ፤ ልጅቷ ምን እንደመለሰች ግን አልሰሙም።

ኮምጣጤ በበኩላቸው ወደ ባለማግኔቷ ክፍል ሲገቡ ፊታቸው በርቷል።

«ታውቂያለሽ፣ እንዲህ ያለውን ሰው በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው» አሉ ወንበር እየሳቡ። «ቆዳ ሳይበጣ፣ ሥጋ ሳይቆረጥ፣ በማግኔት ብቻ አገኘነው። ለዓመቱ ጉባኤ ይዘነው እንቀርባለን። ሥዕሎቹን አዘጋጂልኝ።»

«መጀመሪያ ቃሉን ይሰርዙት።»

«የቱን ቃል?»

የምር ነው የጠየቁት። ረስተውታል።  ልጅቷ እጇን ከፍላ ልታስነሳው የሞከረችው ቃል፣ ከጻፉት ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንኳ የለም።

«ልግም» አለቻቸው። «ልግም ነው ብለው ጽፈዋል። እሱን በእጅዎ ሰርዘው፣ ኮሚቴው ፊት ቆመው ተሳስቻለሁ እስኪሉ ድረስ አንድ ሥዕል ከዚህ ክፍል አይወጣም። ከሥራ ያባርሩኝ ከፈለጉ።»

ኮምጣጤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ግን አላጸዱትም።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ልጅቷ ከአልጋ በወረደች በሁለተኛው ቀን ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ጠርሙሶች፣ አንድ የማይሠራ ማራገቢያ። ሰብሳቢው የአስተዳደሩ ሹም ናቸው፤ ቶሎ ጨርሶ መሄድ የሚፈልግ ሰው ፊት አላቸው። ፕሮፌሰሩ ተነሱ። ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

«የጻፍኩት ስሕተት ነው» አሉ። «እዚያ ማሽን ውስጥ ስንቁ ተሟጥጦ ባዶ እስኪሆን ድረስ የሠራ ጡንቻ ያየሁት የዚህችን ልጅ ብቻ ነው። ልግም አይደለም። አብሯት የተወለደ በሽታ ነው።» ከዚያም ቁጭ አሉ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር።

ባለማግኔቷ እፎይ አለች። ለካ ቸኩላለች።

«ጥሩ» አሉ ሜትሮኗ። «እኔም አልጨክንም። ልግመኛ አይደለችም። ታማሚ ናት። ታማሚ ደግሞ በሽተኛ ማንሳት አትችልም። እንግዲህ ለሥራው ብቁ አይደለችም ተብሎ በክብር ትሰናበት።»

ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእሳቸው ነገሩ አልቋል፤ በየትኛው በር እንደምትወጣ ነው የተቀየረው እንጂ መውጣቷ መች ቀረ። ልጅቷ እጇን ሳታወጣ ተነሳች። ያ እጅ እስካሁን በሻሽ ታስሯል።

«ለግመሻል ብላችሁ ልታባርሩኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «አሁን ደግሞ ስላልለገምኩ ልታባርሩኝ ነው?»

 ሰብሳቢው ሜትሮኗን አዩ፣ ሜትሮኗ ወረቀታቸውን።

«ይህን ሁሉ ዓመት ታምሜ ነው የሠራሁት» ቀጠለች ልጅቷ። «ዛሬ ስም ስላወጣችሁለት አልባሰብኝም። አሥር ደቂቃ ነው የምፈልገው። ተረኛ ሆኜ ስገባ መጀመሪያ ቀለል ያለውን ልያዝ፣ መድኃኒት ላዳርስ፣ አንሶላ ልቀይር። ከዚያ በኋላ የማላነሳው ሰው የለም። ዋርዱ ውስጥ ማንንም ጠይቁ።»

ፕሮፌሰሩ እውነቷን ነው፣ በሕክምናም የሚመከረው ይኸው ነው አሉ። ባለማግኔቷ ደግሞ መቀመጥ አቅቷት ተነሳችና፣ ከመቀመጫው ሳይነሳ ቀኑን ሙሉ ሻይ የሚጠጣ ሠራተኛ በሞላበት ሕንፃ አሥር ደቂቃ ተወደደች ወይ ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው የራሳቸውን ሻይ ብርጭቆ ትንሽ ገፋ አደረጉት። ከብዙ ማጉረምረም በኋላ ልጅቷ በሥራዋ እንድትቀጥል፣ የሥራዋ ቅደም ተከተል ግን እሷ እንዳለችው እንዲሆን ተወሰነ። ሜትሮኗ ሲፈርሙ ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀድደው ነበር።

ልጅቷና ባለማግኔቷ ወደ ዋርዱ በሚወስደው ኮሪደር አብረው ወጡ። ባለማግኔቷ ገና አልበረደላትም።

«አየሻቸው አይደል?» ትላለች እየሄደች፣ እጇን እያወናጨፈች። «ሰው ያመኛል ሲል ለማመን መኪና የሚያህል ማግኔት ያስፈልጋል? አፍሽ አይበቃም? ላብሽ አይበቃም? ሁሉም እኮ ዓይን አለው። ያ ሐኪም፣ ያቺ ሜትሮን፣ እኚያ ሰውዬ። አንዳቸው እንኳ ቁጭ ብለው የት ጋ ነው የሚያምሽ፣ መቼ ነው የሚያምሽ ብለው ቢጠይቁሽ ምን ነበር? እንዴት ያለ ነገር ነው? እኔ እንደው አንጀቴ ነው የሚያርረው።»

ልጅቷ ቀስ እያለች ትራመዳለች፤ ሰምታ እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም። የዋርዱ በር ጋ ሲደርሱ ቆመች።

«አንቺስ?» አለቻት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትላት።

«እኔ ምን?»

«ማሽኑ ባይኖር ታምኚኝ ነበር?»

ባለማግኔቷ «እንዴታ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን አልወጣም። በሩ ተከፍቶ አንድ አስታማሚ በመካከላቸው አለፈ፣ በሩ መልሶ ተዘጋ።

«አላውቅም» አለች በመጨረሻ።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። ባልታሰረው እጇ በሩን ገፍታ ወደ ሥራዋ ገባች።